ክንዷ ራሱ ይንገራት

እስቲ መልሱልኝ፤ አንዲት ሴት በገዛ ገንዘቧ በገዛችው መኪና ውስጥ ተቀምጣ አንደኛ ማርሽ ማስገባት እንዳትችል ሆን ብሎ ያደረጋት ሰው ምን ይባላል? ሌባ እንዳትሉት ቁልፏን አልሰረቃትም። ጨካኝ እንዳትሉት አልመታትም፣ አልሰደባትም፣ በር አልዘጋባትም። ይልቁንስ አብሯት ሱቅ ሄደ፣ ዕቃ መረጠላት፣ እስኪገጠም ፀሐይ ላይ ቆሞ ጠበቀላት። ያየው ሁሉ «ወንድም ማለት እንዲህ ነው» አለ። እዚህ ቻትስዎርዝ፣ በዚህ የሕንዶች ሰፈር ውስጥ ሰው የምናስረው በገመድ አይደለም፤ በውለታ ነው። የታሰረው ሰው ታዲያ አመስግኖን ይታሰራል።

ቲሎሺኒ ነገሩን የሰማችው ቅዳሜ ማለዳ፣ መብራት በመጥፋቱ ነው። ባሏን ፈትታ ወደ እናቷ ቤት ከተመለሰች ወዲህ የምትተኛው ከወጥ ቤቱ ጀርባ ባለች፣ ድሮ በረንዳ በነበረችና በኋላ በቦርድ በተዘጋች ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሏ አልጋ፣ አንድ የፕላስቲክ ወንበርና ልብስ የሚሰቀልበት ሽቦ ይዛ ሞልታለች። አልጋው የተጠጋው ግድግዳ ማዶ ማቀዝቀዣው ቆሟል። ማቀዝቀዣው ሲያጉረመርም ከወጥ ቤቱ አንድም ቃል አያልፍም፤ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በዚህ ጩኸት ተማምኖ ማውራት ለምዷል። የዚያን ቀን ግን መብራቱ በተራው ሳይሆን ያለ ተራው፣ ገና ጎህ ሲቀድ ጠፋ። ማቀዝቀዣው ዝም አለ። እናቷና ታላቅ ወንድሟ ኮቪላን ግን ዝም አላሉም።

«አማ፣ በግልጽ ንገሪያት በቃ» አለ ኮቪላን። እናታቸውን ሁለቱም አማ ነው የሚሏት። «መንዳቱን ተዪው በያት።»

«እኔ? እኔ አልልም። እምቢ ያልኳት ቀን ሻንጣዋን ይዛ ትወጣለች። ይቺን ልጅ አታውቃትም?»

«ታዲያ እኔ ልበላት?»

«አንተም አትበላት። ዛሬ ያንን የማርሽ ዕቃ ልታስገጥሙ አይደል የምትሄዱት? በጣም ጠንካራውን ምረጥላት። ማንም እምቢ አይበላት፤ ክንዷ ራሱ ይንገራት።»

ኮቪላን ሳቀ። የሳቀው በክፋት አይደለም፤ አንድ ሰው ያስጨነቀው ነገር በቀላሉ ሲፈታለት እንደሚስቀው ነው። «ዴቫን ጋራዥ ውስጥ አንድ አለ፤ ለእሽቅድምድም የሚገጥሙት። እኔን እንኳ ይታገለኛል። ጥቂት ቀን ትለፋና ቁልፉን ራሷ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች።»

«ያኔ እኔም ቤት ውሎ የሚያስታምመኝ ሰው አገኛለሁ» አለች አማ። ቀጥሎ የተሰማው ቢላ ዳቦ ሲቆርስ ነው።

ስለ ክንዷ መናገር አለብኝ። ቲሎሺኒ ከሥራ ስትመለስ የተሳፈረችበት ታክሲ አውራ ጎዳናው ላይ ተገልብጦ ግራ ትከሻዋ ተሰብሮ ነበር። ተጠገነ፤ ግን ከዚያ ወዲህ ክንዷን ወደ ፊትና ወደ ውጭ ስትዘረጋ የሆነ ቦታ ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ ከገፋችው ሕመሙ እስከ መንጋጋዋ ይወጣል። መኪናዋን፣ ያቺን ነጭ አሮጌ ጎልፍ፣ የገዛችው በዚያው አደጋ ካሣ ነው። ልብ በሉ፤ መኪናዋን የገዛችው በትከሻዋ ነው። ገንዘቡ የባንክ ዕዳ የለበትም፣ የወንድም እጅ የለበትም፣ የእናት ጌጥ አልተሸጠበትም። ፓይንታውን ውስጥ ያለው መድኃኒት ቤት የማታውን ፈረቃ የሰጣት መኪና ስላላት ነው፤ መድኃኒት ቤቱ ሲዘጋ ወደዚህ የሚመጣ ታክሲ የለም። መኪናው ከሌለ ፈረቃው የለም፤ ፈረቃው ከሌለ በሚቀጥለው ዓመት ልትከራይ ያሰበችው አንድ ክፍል የለም፤ የሚቀረው ከማቀዝቀዣው ጀርባ ያለው አልጋ፣ የአማ የስኳር መርፌና የኮቪላን ልጆች የትምህርት ቤት ካልሲ ነው።

አሮጌዋ ጎልፍ ያላት ችግር የማርሽ ዘንጓ ነው። ያረጀ ስለሆነ ድስት ውስጥ እንደሚዞር ማንኪያ ይዋልላል፤ አንደኛን ለማግኘት ከአሽከርካሪው ርቆ ግራ ጥግ ድረስ፣ ከዚያም ወደ ፊት መግፋት ያስፈልጋል። መሪው በቀኝ ነውና ይህን ሁሉ የሚሠራው ግራ እጅ ነው፤ የቲሎሺኒ ክንድ የሚቆመው ደግሞ ልክ እዚያ ጥግ ላይ ነው። ዘንጉ በሌላ እንደሚለወጥ የነገራት የመድኃኒት ቤቱ ዘበኛ ነው። እንቅስቃሴው የሚያጥር፣ መያዣውም ወደ እጅ የሚቀርብ አለ አላት። ደስታዋ ገደብ አጣ። ኮቪላንን «አና፣ አብረኸኝ ሂድ» ብላ የለመነችውም እሷው ናት። አና ይሉታል ታላቅ ወንድምን። ለምን ለመነችው? ሴት ብቻዋን ጋራዥ ስትሄድ ዋጋው ይጨምራል፣ መልሱ ያንሳል። ይህንንም የሠራነው እኛው ነን።

ተነስታ ወጥ ቤት ስትገባ ሁለቱም ቀና አሉ። አማ ሻማ ለኩሳ እግሯን የፕላስቲክ ሣጥን ላይ ዘርግታለች። «ተኝተሽ ነበር?» አለቻት። «ተኝቼ ነበር» አለች ቲሎሺኒ። ሻይ ቀዳች፣ የእናቷን መርፌ አዘጋጀች፣ ሆዷ ላይ ቆንጠጥ አድርጋ ወጋቻት። አማ «እጅሽ ቀላል ነው» አለቻት፤ ሁልጊዜ የምትላት ነው። ያን ጊዜ መናገር ነበረባት ትሉኝ ይሆናል። ተናግራ የት ልትገባ? ኮቪላን «ለአንቺው ብለን ነው» ይላል፤ አማ ታለቅሳለች፤ ጎረቤት በግድግዳው በኩል ይሰማል፤ ከዚያ በኋላም ማታ የምትተኛው እዚያው አልጋ ላይ ነው። እምቢታ የተናገረ ሰው ይከራከሩታል። ማንም ያልተናገረውን እምቢታ ግን ማንን ይዘው ይከራከራሉ?

መንገድ ላይ ኮቪላን ነዳ። ሙቀቱ ገና በጠዋቱ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል። ስለ ቲማቲም ዋጋ አወራ፤ ስለ መብራት መጥፋት አወራ፤ ሚስቱ ሻማላ አዲስ ምጣድ ካልተገዛልኝ እንዳለች አወራ። ከዚያ ወሬው አለቀበት። ሬዲዮው የድሮ የታሚል ዘፈን ያጫውት ነበር፤ አባታቸው ይወደው የነበረውን። ሁለቱም አውቀውታል። ቲሎሺኒ እጁን ታያለች። አሮጌው ዘንግ በእጁ ውስጥ ሲዋልል፣ ሳያስብ ወዲህ ወዲያ ሲያደርገው፣ ለእሱ ምንም እንዳልሆነ ታያለች። አሁን ይነግረኝ ይሆን ብላ ጠበቀች። መታጠፊያው ላይ ከንፈሩን ከፈተና «መስኮቱን ዝጊው፣ አቧራ ነው» አላት።

አንክል ዴቫን፣ ሸምገል ያለውን ሁሉ አንክል ነው የምንለው፣ የሚሠራው ከቤቱ ጓሮ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው። ከተበላሸች ጎልፍ ያወጣውን ካምቢዮ ብረት ጠረጴዛ ላይ አስሮ፣ ከፊቱ አሮጌ የመኪና ወንበር ተክሎበታል። ዘንግ ሊገዛ የመጣ ሁሉ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ዴቫን አንዱን ነቅሎ አንዱን እየተከለለት፣ በእጁ ይሞክራል። ቅዳሜ ቅዳሜ ወጣቶች ተሰልፈው «ጠቅ ጠቅ» ሲያደርጉ ይውላሉ። ዴቫን ቲሎሺኒን ሲያይ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ቲሎ! ምነው፣ እሽቅድምድም ልትገቢ ነው እንዴ?»

«እርስዎ ካሠለጠኑኝ እገባለሁ፣ አንክል» አለች። ሳቀላት።

መጀመሪያ የተከለላት በጣም አጭሩን ነው። ዘጠኝ መቶ ራንድ። ዘንጉ ከአውራ ጣት ብዙም አይረዝምም፤ ከአንዱ ማርሽ ወደ ሌላው ያለው ርቀት ምንም አይደለም። ዕቃውን የማያውቅ ሰው ሲያየው፣ ይህ ነው ለታመመ ትከሻ የተሠራው ይላል። ቲሎሺኒም ለአንድ አፍታ እንደዚያ አሰበች፤ የማለዳውን ወሬ ተሳስቼ ሰምቼው ይሆናል እስከማለት ደረሰች። ያዘችው። ወደ ግራ ገፋችው። ውስጥ ያለው ሞላ መልሶ ገፋት። እንደገና ገፋችው፤ ከአንገቷ ሥር የሆነ ነገር ተሰነጠቀ መሰላትና እጇን አነሳች። «ባጠረ ቁጥር ይከብዳል» አለ ዴቫን። «በርን ከእጀታው ስትገፊውና ከማጠፊያው አጠገብ ስትገፊው አንድ ነው? እንደዚያ በይው። ሞላው ደግሞ ጠንካራ ነው፤ እየበረሩ ሲቀይሩ እንዳይሳሳቱ ወደ መካከል እንዲመልሳቸው ነው የተሠራው። ይሄ የልጆች ነው፣ ልቤ።»

ሁለተኛው ርካሽ ነበር፤ ሲነኩት ተንቀጠቀጠ፤ ዴቫን ራሱ አፍሮ ነቀለው። ሦስተኛው ግን ሌላ ነገር ነው። መያዣው ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፤ ርቀቱ በመጠኑ ያጥራል፤ ሞላው ወጥቶ በለሰለሰ ሊተካ ይችላል። ዴቫን መያዣውን ከፍ አድርጎ መሪው ወደሚሆንበት በኩል አቀረበላት። ቲሎሺኒ ክርኗን ከጎኗ ሳታርቅ ወደ ግራ ገፋችው፣ ወደ ፊት ሰደደችው። አንደኛ። ወደ ኋላ ሳበችው። ሁለተኛ። ደግማ አንደኛ። ሕመም የለም። ደግማ ደጋግማ ስታስገባና ስታወጣ ፊቷ ላይ የወጣውን ነገር ዴቫን አየው። ያን ፊት ኮቪላንም አይቶታል። ያየውን ላለማየት ነው ዞሮ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ የጎማ ማስታወቂያ ማንበብ የጀመረው።

«ይሄ ነው» አለች።

«ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ነው፤ የለሰለሰውን ሞላ ጨምሮ» አለ ዴቫን፤ ይህን ያለው ግን ለኮቪላን ነው።

«አጭሩ ይግባ» አለ ኮቪላን፣ ከማስታወቂያው ሳይዞር።

«አና፣ አጭሩ ያመኛል።»

«ለጊዜው ነው። ትለምጂዋለሽ። አንቺ ይሄን ነገር ስለማታውቂው ነው፤ ክርን ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ትከሻ አይነካም። ለምን ገንዘብሽን ትበትኛለሽ? ለአንቺው ብዬ እኮ ነው።»

ዴቫን ጨርቁን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «መኪናው የማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። መጠየቁን እመሰክርለታለሁ።

«የቤታችን ነው» አለ ኮቪላን።

«የእኔ ነው» አለች ቲሎሺኒ።

ሁለት መልስ ሰማ። አንዱን መምረጥ ነበረበት። ዴቫን ክፉ ሰው አይደለም፤ ኮቪላን ግን ደንበኛው ነው፣ ጓደኞቹን ያመጣለታል፣ ወንድ ነው። «እንግዲህ ታላቅሽ ነው፣ ልቤ» አለና አጭሩን አነሳ። ክፉ ሳይሆኑ ክፉ የሚሠሩትን ሰዎች ብትቆጥሯቸው ይቺን ከተማ ይሞሏታል። ቲሎሺኒ የባንክ ካርዷን አውጥታ ሰጠችው። ለምን ሰጠችው አትበሉኝ። ወንድሟ ከጎኗ ቆሟል፣ ወረፋ የያዙ ወጣቶች እያዩ ነው፣ አፏን ብትከፍት የሚወጣው የማለዳው ነገር ነው፤ ያ ደግሞ እዚህ ቢወጣ የቤተሰብ ገመና አወጣች ትባላለች። ለገዛ ማሰሪያዋ ከፈለች። ደረሰኙን ኮቪላን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ዴቫን ሲገጥም ሁለቱ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ምግብ ቤት ሄዱ። ኮቪላን አንድ ባኒ አዘዘ፤ ውስጡ ተቦርቡሮ የበግ ወጥ የተሞላበት ዳቦ። ከመካከላቸው አስቀመጡት። ከላይ የሚከደነውን፣ ወጡን የጠጣውን የዳቦ ልብ ኮቪላን አንስቶ እሷ ፊት አኖረው። ከልጅነታቸው ጀምሮ እንደዚያ ነው፤ ያንን ክፍል ስለምትወድ አንድ ቀን ነክቶት አያውቅም። አየችው። እንባዋ መጣ፤ በርበሬው ነው ብላ አፍንጫዋን ጠረገች። ጭራቅ ቢሆን ኖሮ ምንኛ በቀለላት! «ትከሻሽ እንዴት ነው?» አላት፤ የምሩን ነበር። «ይሻለዋል» አለችው። ከዚያ በኋላ ሁለቱም መካከል ላይ እስኪገናኙ ድረስ የባኒውን ግድግዳ ከየበኩላቸው እየቆረሱ በሉ። ሲገናኙ ኮቪላን እጁን ሰበሰበና «ጨርሺው» አላት።

መኪናው ሲወጣ የነዳው እሱ ነው። ፊቱ በራ፤ ማርሽ በቀየረ ቁጥር «ሰማሽ? ጠቅ! እንደ ጠመንጃ!» ይላል። ቲሎሺኒ ግን የምታየው የጣቶቹን አንጓ ነው። አንደኛ ባስገባ ቁጥር ይነጣሉ። አማን ከቤት ወሰዷት፤ ብዙ መቆም ስለማትችል ወንበሯንም ጫኑ። ወደ ሂንዱ ቤተ መቅደሳችን እንሂድ ያለችው አማ ናት፤ መኪናው ከተገዛ ወዲህ ጸሎት አልተደረገበትም፣ አሁን ደግሞ የጋራዥ እጅ ነካው፣ ሳይባረክ ቤት አይገባም ብላለች። ሎሚውን ራሷ መርጣ ገዝታለች። ይህንን አስታውሱልኝ። ወጥመዱን የዘረጋችው በማለዳ ነው፤ ወጥመዱ በሰው ፊት የሚታይበትን ቦታ የመረጠችውም እሷ ናት።

ሥርዓቱን የቻትስዎርዝ ሕፃን ያውቀዋል። መኪናው ፊቱን ወደ መቅደሱ አዙሮ ይቆማል። ካህኑ ካምፎር፣ እንደ ዕጣን የሚሸት የሚነድ ሙጫ፣ ለኩሶ በዙሪያው ያዞራል፣ ኮኮናት ይሰብራል፣ ኮፈኑ ላይ አመድና ቀይ ዱቄት ይቀባል። በየጎማው ሥር ሎሚ ይቀመጣል። ከዚያ የመኪናው ባለቤት፣ ግንባሩ ላይ ምልክት የተደረገለት ሰው፣ ወደ ፊት ነድቶ ሎሚዎቹን ይጨፈልቃል፤ ክፉ ነገር ሁሉ አብሮ ይጨፈለቃል። ምልክት የተደረገለት ሰው አንዴ ከተቀመጠ ቦታውን ለሌላ አይለቅም። ሎሚው ከተቀመጠ በኋላም መኪናው ወደ ኋላ አይሄድም። ወደ ኋላ የሄደ መኪና ከነክፉ ነገሩ ቤት ይገባል፤ የነዳውንም አይተወውም። ይህን ሰምተው የሚስቁ አሉ። እዚያ ግቢ ውስጥ ግን የሚስቅ አልነበረም።

ቅዳሜ ነውና ግቢው ሞልቷል። ሴቶች ለማታው ጸሎት አበባ ይጎነጉናሉ፤ የቤተ መቅደሱ ኮሚቴ ሽማግሌዎች ጥላው ሥር ተቀምጠዋል፤ ከኋላ አንድ ሰው አዲስ ፒክአፕ ይዞ ተራውን ይጠብቃል። ካህኑ አመዱን በጣቱ ይዞ «መኪናው የማን ነው?» አለ።

«የቤታችን ነው፣ ስዋሚ» አለ ኮቪላን፣ እንደለመደው።

«ቤት ግንባር የለውም፣ ልጄ። የምቀባው ሰው አምጡልኝ።»

ሴቶቹ ሳቁ። ቲሎሺኒ ወደ ፊት መጣች፤ ካህኑ ቀባት፤ ከመሪው ኋላ ተቀመጠች። ኮቪላን ያላሰበው ነገር ይኼ ነበር። እሱ ያሰበው ለብቻዋ፣ በጠባብ መንገድ ላይ፣ ማንም ሳያይ ቀስ እያለች እንድትሸነፍ ነው።

ሞተሩን አስነሳች። ፍሪሲዮኑን ረገጠች። ዘንጉን ይዛ ወደ ግራ ገፋችው፤ ሞላው ወደ መካከል መለሰባት፤ ወደ ፊት ስትሰደው የገባው ሦስተኛ ነው። መኪናው ተንዘፈዘፈና ጠፋ። አስነሳችው። እንደገና ገፋች፣ አሁን በመላ ሰውነቷ፣ ከወገቧ ጭምር ዘንበል ብላ። ሕመሙ መንጋጋዋ ላይ ደረሰ። ሦስተኛ። ጠፋ። ሎሚዎቹ ክብ እንደሆኑ ናቸው።

«ፍሪሲዮኑን እርገጪው!» አለ ከኋላ ባለ ፒክአፑ። «በስተግራ ያለው ነው፣ እመቤት!»

«ምን ታድርግ፣ ልምድ የላትም» አለች አንዲት አበባ ጎንጓኝ። «መኪና ላለው ወንድም ብትተወው ምን አለ?»

ኮቪላን መስኮቱ ላይ ጎንበስ አለ። «በቀኝ እጅሽ ሞክሪው» አላት በሹክሹክታ፤ ላብ በላብ ሆኗል። በቀኝ እጇ ተሻግራ ብትገፋው በእርግጥ ይገባ ነበር። አንድ ጊዜ። ሰው ግን በየመብራቱ መሪውን ለቆ በቀኝ እጁ ማርሽ እየቀየረ ፓይንታውን አይደርስም፤ ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። ሎሚውን ጨፍልቃ ብታልፍ ነገሩ ሁሉ ተባርኮ ይዘጋ ነበር፤ ነገ ከነገ ወዲያ ደግሞ ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ። እጇ ተነስቶ ዘንጉ አጠገብ ደረሰ። ያኔ ነው አማ ከወንበሯ ላይ የተናገረችው፤ በዚያ በደከመ፣ በሚያሳዝን ድምፅዋ፣ ሴቶቹ ሁሉ እንዲሰሟት አድርጋ።

«ተይው፣ ቲሎ፣ ልጄ። ማን እምቢ አለሽ? ክንድሽ ራሱ እኮ ነገረሽ።»

ቲሎሺኒ ሞተሩን አጠፋች። ቁልፉን ነቅላ ጡቷ ሥር ከተተችው። የመኪናውን በር ከውስጥ ቆለፈችው፤ መስታወቱን ግን እስከ ታች አወረደችው።

«ምን ሆንሽ? ውረጂ፣ እኔ ላውጣው» አለ ኮቪላን።

«የተቀባሁት እኔ ነኝ፣ አና።»

ባለ ፒክአፑ ጡሩምባ ነፋ። መውጫው አንድ ነው፤ ጎልፏ ዘግታዋለች። ወደ ኋላ ትገፋ እንዳይባል ሎሚው አለ፤ ሹፌር ይለወጥ እንዳይባል ግንባሯ ላይ አመድ አለ። ካህኑ የበራ ካምፎር ይዞ ቆሞ ቀረ። ሽማግሌዎቹ ከጥላው ወጡ፤ ሴቶቹ አበባቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ቀኑን ሙሉ አንዲት ሴት ብቻዋን ተይዛ የዋለችበት ነገር ውስጥ አሁን ግቢው በሙሉ ገባ።

«አና» አለች ቲሎሺኒ። ድምፅዋ አልጮኸም። «ዛሬ ማለዳ መብራት ሲጠፋ ወጥ ቤት ውስጥ ለአማ ያልካትን እዚህ ድገመው።»

ኮቪላን ወደ አማ አየ። አማ ወደ እግሯ አየች። ኪሱ ውስጥ ያለው እጁ ደረሰኙን ሲጨማድድ ይሰማል።

«ምን አልኩ? ምንም አላልኩም። ፀሐዩ መቷት ነው» አለ፣ ለሕዝቡ።

«የትኛውን ዘንግ ለምን እንደመረጥክልኝ ንገራቸው። ቁልፉን ራሴ አምጥቼ የት እንደማስቀምጠው ያልከውንም ንገራቸው።»

ከኮሚቴው አንዱ፣ የሸመገለ፣ ሲናገር የሚደመጥ ሰው፣ ነገሩን ለማብረድ እጁን አነሳ። «ልጄ፣ ይሄ የቤት ጉዳይ ነው። ቤታችሁ ገብታችሁ ተነጋገሩበት፤ እዚህ አምላክ ፊት አይሆንም።» ብዙዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚነቀነቀው።

«ቤት ውስጥማ ተነግሯል፣ አንክል» አለች ቲሎሺኒ። «እኔ የሰማሁት በግድግዳ ነው። እዚህ ነው ያልተነገረው።» ከዚያ ክርኗን መስኮቱ ላይ አስደግፋ፣ ያንን የታመመውን ክንዷን ጭኗ ላይ አኑራ፣ ወንድሟን ቀና ብላ አየችው። «ሎሚው እንዳለ ነው፤ እኔም አለሁ፤ አንተም አለህ። ድምፅህን ከፍ አድርገህ፣ አና፣ የኋላዎቹም እንዲሰሙህ። ተናገር።»